የምድጃን ብቃት ማስላት ላቃታቸው የጎንደር ተመራቂ

ውድ ጠያቂ፦ በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው እንደተመረቁ፣ እዚሁ ጎንደር ምጣድና ምድጃ የሚሠራ አንድ ድርጅት ለፈተና ጠርቶ «የዚህ ምድጃ ብቃት ስንት ነው?» ሲልዎት መልስ እንዳጡ፣ አሁን ሙያውን ትተው ወደ ሽያጭ ሥራ ለመዞር እያሰቡ መሆኑን ጽፈውልኛል። እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ፤ የጎደለዎት በአጭር ጊዜ ልምምድ የሚሞላ ነው።

ብቃት ማለት ውሃው ወይም ምግቡ የተቀበለው ሙቀት ምድጃው ከመስመሩ ለወሰደው ኢነርጂ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ፣ 2 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ በ93 ዲግሪ ቢፈላ የተቀበለው ሙቀት 2 × 4.2 × 75፣ ማለትም 630 ኪሎ ጁል ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ምድጃ በየሰከንዱ 1 ኪሎ ጁል ስለሚወስድ፣ ይህንን በ15 ደቂቃ፣ ማለትም በ900 ሰከንድ ቢፈጽም የወሰደው 900 ኪሎ ጁል ስለሆነ ብቃቱ 70 በመቶ ይሆናል።

93 ዲግሪ ማለቴ በምክንያት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በትምህርት ቤት የለመዱትን 100 ቢያስገቡ ያው ምድጃ ከ76 በመቶ በላይ ብቃት ያለው መስሎ ይታይዎታል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይያዙ።

ከዚህ የሚከፋው ስሕተት የሚመጣው ከቮልቴጅ ነው። የሚስበው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ በ220 ቮልት 1,000 ዋት የተባለ ምድጃ መስመሩ ወደ 190 ቮልት ሲወርድ 746 ዋት ገደማ ብቻ ይስባል። ይህን ያላስተዋለ ጀማሪ፣ ምድጃው ላይ በተጻፈው ዋት ብቻ አስልቶ ጤነኛውን ዕቃ አባካኝ ነው ይላል። እርስዎ ግን በሙከራው ጊዜ ቮልቴጁንና አምፔሩን በመለኪያ አንብበው ያባዟቸው፤ ምድጃው በእርግጥ የሚስበውን ዋት ያገኛሉ።

ለምጣድ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ሊጡን ከመጋገሩ በፊት፣ እንጀራውን ከወጣ በኋላ ይመዝኑ፤ የጎደለው ክብደት በእንፋሎት የወጣ ውሃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኪሎ 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ ወስዷል። ሊጡ ራሱ ለመሞቅ የተቀበለውንም ይደምሩበት። ሸክላው እስኪግል የሚያልፈውን ኢነርጂ ደግሞ ለብቻው ይመዝግቡ፤ 5 እንጀራ የሚጋግር ቤትና 30 የሚጋግር ቤት በአንድ ዓይነት ምጣድ የተለያየ ውጤት የሚያገኙት በዚሁ ምክንያት ነውና።

የቤትዎን ምድጃና የጎረቤትዎን ምጣድ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተው ውጤቱን ከነቮልቴጁ በደብተር ያስፍሩ፤ ከዚያም ደብተሩን ይዘው ወደዚያው ድርጅት ተመልሰው ሁለተኛ ፈተና ይጠይቁ።