ናሙናሽን ከማስፈጨትሽ በፊት ወፍጮው ከምን እንደተሠራ ጠይቂ

እህቴ፣ «ከእነዋሪ ያመጣሁትን ዋልካ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ናሙናው በኤክስሬይ ሲመታ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በሚያወጣው ጨረር በሚለይበት ዘዴ) ላስለካ ነው፤ የምፈልገው ኮባልት፣ ኒኬልና ክሮሚየም ነው፤ ላቦራቶሪው ይፍጭልኝ ወይስ ራሴ ልፍጭ?» ብለሻል። ራስሽ ፍጪ። እኔም ለማስተርሴ ከዚያው ከሞረትና ጅሩ አፈር አምጥቼ ጉድ ሆኛለሁ።

1. በደንብ አድርቂው። በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ይደር። ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ሲያወጣ ታውቂው የለ? ተፈጭቶ፣ ለመለኪያው በፕሬስ ተጨምቆ ፔሌት (ጠፍጣፋ ክብ እንክብል) ሆኖም ያው ዋልካ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ሄጄ ጠዋት ስመለስ ሦስቱ ጠርዛቸው ተነስቶ ተሰነጣጥቀዋል። ከፕሬሱ እንደወጡ ከሲሊካ ጄል ጋር ክደኝ።

2. ወፍጮው። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የሰጠሁት ላቦራቶሪ የሚፈጨው በተንግስተን ካርባይድ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ግን የተያያዘው በኮባልት ነው። ሲፈጭ እየተፋቀ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ማንም አልነገረኝም። ውጤቱ ሲመጣ ኮባልቴ ሰማይ ነክቷል። በደስታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ! አማካሪዬ አነበቡትና «ተንግስተኑስ ስንት ነው?» አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ የለም። ስፔክትረሙን (የንጥረ ነገሮቹን ጨረር የሚያሳየውን ግራፍ) አሳዩኝ ልል ስሄድ መዝገብ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ውጤትህን ወስደህ የለ እንዴ?» አለችኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሦስተኛው አንድ ቴክኒሺያን አዘነልኝና ስክሪኑን አዞረልኝ። የተንግስተኑ ፒክ እንደ ጣርማበር ተገትሯል።

በዚያ ላይ የኛ ዋልካ ከባዛልት የመጣ ስለሆነ ብረት ይበዛዋል። ኬ-ቤታ የሚባለው የብረት የጨረር መስመር 7.06፣ የኮባልት ኬ-አልፋ 6.93 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ናቸው። ጎረቤታሞች ናቸው። መደራረቡ ካልታረመ ብረቱ ኮባልት መስሎ ይቆጠርልሻል። «አርማችኋል ወይ?» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። በብረት ወፍጮ እንፍጭልሽ ቢሉሽም እሺ እንዳትዪ፣ እሱ ደግሞ ክሮሚየምና ኒኬል ይጨምርብሻል፤ የምትፈልጊው እነሱኑ አይደል?

24ቱንም ናሙና እንደገና በአጌት (ጠንካራ የኳርትዝ ዓይነት ድንጋይ) ሙቀጫ በእጄ ፈጨኋቸው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ክንዴ ዝሎ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ ነበር። 75 ማይክሮን በሆነ የናይለን ወንፊት አሳለፍኩ፤ የነሐሱ መዳብና ዚንክ ይጨምራል። ኮባልቱ ወረደ፣ ምዕራፉን ቀደድኩት፣ የጻፍኩት አዲሱ ግን ማንም ቢፈትሸው አላፍርበትም።

3. በሊቲየም ቦሬት (ናሙናው አብሮት ቀልጦ መስታወት በሚሆንበት ጨው) አቅልጠን እንሥራልሽ ካሉሽ ለሲሊካና ለአሉሚና ጥሩ ነው። በትንሹ ብቻ ለሚገኙት ለአንቺ ኮባልት፣ ኒኬልና ክሮሚየም ግን ናሙናውን ያሳሳዋል። ፔሌት ይሁን በያቸው።

ሙቀጫው አሁንም እኔ ጋ አለ። ደብረ ብርሃን ከመጣሽ በውስጥ ጻፊልኝና ውሰጂው፤ ስትጨርሺ ንጹህ የኳርትዝ አሸዋ ፈጭተሽበት፣ አጥበሽ መልሺልኝ።