ደሙ ቆሟል፣ ትርታውስ?

ደሴ ተምራ አዲስ አበባ ካት ላብ (የልብ ደም ሥር መመርመሪያና ማከሚያ ክፍል) የገባች ወጣት ነርስ ሰሞኑን ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የልብ ካቴተር ተሠርቶለት የወጣ ሰው አንጓው ካልደማ ሥራችን አለቀ ማለት ነው?» ትላለች። ካቴተር በእጅ አንጓ ደም ቅዳ ገብቶ እስከ ልብ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ ነው።

አላለቀም። ጥያቄዋ ግን አንድ የሐይቅ ሰው አስታወሰኝ።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተንገላተው የመጡ አባት ናቸው። ወሎዬ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «የማን ልጅ ነህ?» ተጀመረ። አልጋ ላይ ተኝተው ስለ ሐይቁ ዓሣ ያወሩኛል። እኔም አባቴ ቆሮሶውን በገመድ አንጠልጥሎ ሲመጣ ትዝ አለኝ። እናቴ ሽታውን አትወድም ነበር፤ ውጭ አስጠብሳ ነው የምታስገባው።

ካቴተሩ በቀኝ አንጓቸው ገባ፤ ምርመራው በሰላም አለቀ። የዚያ ካት ላብ ልማድ ባንዱን፣ ማለትም ቱቦው የገባበትን አንጓ ተጭኖ ደም የሚያቆመውን ማሰሪያ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነበር። ደም ጠብ ካለ ተረኛው ይወቀሳል፤ ስለጠበቀ ግን ማንም ተወቅሶ አያውቅም። እናም ማታ የታሰረው እንደታሰረ አደረ። «እጄ ደነዘዘብኝ» አሉ። «አብሽሩ፣ ጠዋት ይፈታል» ተባሉ። ጠዋት ተፈታ፤ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ትርታውን ያየም የለም።

ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው ደከመ። ለእጥበት ፊስቱላ (ደም ቅዳና ደም መልስ እጅ ላይ በቀዶ ጥገና የሚገናኙበት) ያስፈልጋል ተባለ። ፊስቱላ የሚመረጠው ብዙ በማይሠራበት እጅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ግራኝ ናቸው። ሐኪሙ ቀኝ አንጓቸውን በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ቢያይ ደም ቅዳው ድፍን ብሏል። «ይሄ እጅ እኮ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም» አሉ፣ እጃቸውን እያገላበጡ። እውነታቸውን ነው። መዳፍ በሁለት በኩል ደም ያገኛል፤ በአውራ ጣት በኩል ራዲያል፣ በትንሿ ጣት በኩል አልናር። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይሸፍናል። ፊስቱላው ክርናቸው ላይ ተሠራ። አንጓ ላይ ቢጀመር ኖሮ የክርኑ ለሌላ ጊዜ በተረፈ ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

የዘመኑ ልጆች ከታካሚው እጅ ይልቅ ስልክ ነው የምትይዙት፤ ቅር አይበላችሁ። የሰው እጅ ያዙ። ግን ጣታችሁንም አትመኑ! ራዲያሉ ቢዘጋም ከአልናር በመዳፍ ዞሮ የሚመጣ ደም ትርታ ሊያሰማችሁ ይችላል። ስለዚህ ኦክሲሜትሩን፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደሙን ትርታ በሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ባንዱ ያለበት እጅ አውራ ጣት ላይ አድርጉ፣ አልናሩን ጫኑ። ሞገዱ ከቀጠለ ራዲያሉ ክፍት ነው። ከጠፋ ባንዱን ትንሽ ትንሽ አላሉ፣ ሞገዱ እስኪመለስ። ደም እንዳይወጣ የሚበቃውን ያህል ብቻ መጫን ነው ጥበቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ፕሮፌት የተባለው ጥናት 436 ሰዎች ላይ ይህንኑ አይቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ራዲያሉ የተዘጋባቸው ከ12 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወርደዋል። ለዚህ አዲስ ማሽን አልተገዛም።

ቀጭን ሺዝ (ካቴተሩ የሚያልፍበት አጭር ቱቦ) መምረጥ የሐኪሙ ነው፤ አልገባበትም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ሂፓሪንን፣ ግን ጠይቁ። «ምርመራ ብቻ ነው፣ ስቴንት አልገባም» (ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ሥር ማስፊያ ቱቦ ነው) ተብሎ መቅረት የለበትም፤ የተለመደው በኪሎ 50 ዩኒት ወይም 5,000 ዩኒት ነው። ባንዱም ደሙ ከቆመ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ማደር የለም።

ተዘግቶ ካገኛችሁት ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ሂፓሪኑ ገና ሳይወጣ፣ አልናሩን ለአንድ ሰዓት ያህል መጫን ራዲያሉን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ሰውየው አገሩ ከገባ በኋላ ማን ያየዋል? ስለዚህ ሳይሰናበት እዩት። ያያችሁትንም ካርዱ ላይ ጻፉ፣ የትኛው እጅ እንደሆነ ጭምር።