«ልጄ መንገድ ላይ ‹እዘሉኝ› ይላል፣ ማታ ደግሞ ‹እግሬን› ብሎ ያለቅሳል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 5 ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። በእረፍት ቀናችን ከባለቤቴ ጋር ሆነን 4 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንጓዛለን። ልጄ ግማሹን ሳንጨርስ «ደከመኝ፣ እዘሉኝ» ይላል። አባቱ «ስንፍና ነው፣ ይልመደው» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «ያልጠና አጥንት ነው፣ እግሩ ይጎብጣል» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ማታ ሁለቱንም ባቶቹን ይዞ ያለቅሳል፤ ሳሸው ይተወዋል፣ ጠዋት ይሮጣል። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ቀን ጠዋት ትንሽ አንክሶ ነበር፤ ቀኝ ጉልበቱን እንደሚያመው ነገረኝ፣ ቆይቶ ተወው። አሁን ከመውጣታችን በፊት እኔ ለወገቤ ከምወስደው ማስታገሻ ግማሽ ክኒን እሰጠዋለሁ፤ እሱን ሲወስድ ደህና ይሄዳል። የማውቃት ሴት ልጅ በእግር ሕመም ጀምሯት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜ ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኪሎ ሜትር ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ከእሱ በፊት የጻፉት ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ማታ ማታ የሚመጣ፣ ሁለቱንም እግር የሚይዝ፣ ሲታሽ የሚለቅ፣ ጠዋት የማይገኝ ሕመም የእድገት ሕመም የምንለው ነው። ከ3 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ባትን፣ ቅልጥምን፣ ጭንን ወይም የጉልበትን ጀርባ ይይዛል፤ መገጣጠሚያ ላይ አያርፍም፣ አያሳብጥም። ቀን ብዙ የሮጠ ወይም የተጓዘ ልጅ ማታ ይብስበታል። አጥንቱ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፣ እርስዎም ያደረሱበት ጉዳት የለም። ካንሰር እንድንጠረጥር የሚያደርገን ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው፦ አንድ ቦታ ላይ የሙጥኝ ይላል፣ ከሳምንት ሳምንት ይብሳል፣ ቀንም ሌሊትም አይለይም፣ ብዙ ጊዜም ልጁ ይከሳል፣ ይገረጣል ወይም ትኩሳት አይለየውም። የባቶቹ ነገር በዚህ አያስፈራዎት። እያሹ፣ ሞቅ ባለ ጨርቅ እየያዙ ያስተኙት።

የእናትዎን ስጋት በሁለት መስመር ልለፈው። መራመድ እግር አያጎብጥም። ሕፃን መራመድ ሲጀምር እግሩ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ 2 ዓመት ገደማ ይቃናል፣ በ3 እና በ4 ዓመት ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ፣ በ7 ዓመት አካባቢ ይስተካከላሉ። ብዙ የተጓዘውም ቤት የዋለውም ልጅ በዚሁ መንገድ ያልፋል። እንዲያውም አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ነው። እናትዎን በአክብሮት ያስረዱልኝ።

አባቱም ቢሆን ተሳስቷል። የ5 ዓመት ልጅ እርምጃ አጭር ስለሆነ እናንተ ሁለቴ ስትራመዱ እሱ ሦስቴ ይራመዳል። ያም ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው። ልጅ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ድንጋይ ያነሳል፣ ግንብ ላይ ይወጣል፣ ሮጦ ይቀድማችኋል፣ ከዚያ ይቀመጣል። የልጅ ጉልበት ፍንጥቅ እያለ የሚወጣ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በአዋቂ ፍጥነት እኩል መራመድ ይሰለቸዋል፣ ያደክመዋልም። እውነተኛ ድካምን ከመሰልቸት ለመለየት ከፈለጉ አሥር ደቂቃ አሳርፈው፣ ውኃ አጠጥተው ኳስ ይወርውሩለት። ተከትሎ ከሮጠ የሰለቸው መንገዱ ነው። ካልተነሳ ደክሞታልና ይዘሉት። ይህን ስንፍና ማለት ለልጁም አይጠቅም፣ ለእናንተም።

ርቀቱን በተመለከተ «ይፈቀዳል» ብሎ የወሰነ ሕግ የለም። በጤነኛና እንቅስቃሴ በለመዱ ልጆች ላይ የማየውን ግምት ልስጥዎት። የ2 ዓመት ልጅ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ እሱንም ግማሹን እየታቀፈ። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ2 እስከ 3፣ የእርስዎን ልጅ የሚያህል እያረፈ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይችላል፤ 8 ዓመት ሲሞላው 7 እና 8 ኪሎ ሜትር አይከብደውም። ዳገት፣ ፀሐይና ጉንፋን እያንዳንዳቸው ከዚህ ላይ ይቀንሳሉ። ልጅ ከትልቅ ሰው ይልቅ ሙቀት ቶሎ ይጎዳዋል፤ ውኃ ሳይጠይቅ ይስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ። የእናንተ 4 ኪሎ ሜትር እንግዲህ ከአቅሙ በላይ አይደለም፤ ፍጥነቱ ግን የእሱ ይሁን፣ የምትመለሱትም ገና ፊቱ ሳይጠቁር ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ ሲደክመው ነው የሚመለሰው፤ የመልሱን መንገድ ማን ይሄድለታል?

አሁን ወደ ክኒኑ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ለአዋቂ ወገብ የታዘዘ መድኃኒት ለሁለት ስለተሰበረ የልጅ መድኃኒት አይሆንም። የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደቱ ነው። ከማስታገሻዎቹ መካከል ውኃ የጠማውን ሰው ኩላሊት የሚጎዱ፣ ጨጓራ የሚያደሙ አሉ፤ አስፕሪን ደግሞ ጉንፋን ወይም ጉድፍ (የውኃ ፈንጣጣ) በያዘው ልጅ ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ለልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። የትኛውን እንደሰጡት እንኳ አልጻፉልኝም። ማታ በጣም ካመመው የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ አለ፤ በኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ከጉዞ በፊት ግን እሱም ቢሆን አይሰጥም። «ደህና ይሄዳል» ያሉት ሕመሙን ስላልሰማው ነው። ልጁ «አመመኝ» የሚልበትን አንደበት ዘጉበት፤ ያንኑ አንደበት ደግሞ አሁን ለራሴ ሥራ እፈልገዋለሁ።

ምክንያቱም ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብኩት «ትንሽ አንክሶ ነበር» የሚለውን ነው። ካንሰሩን ፈርተው ይህን በመሃል ጣል አድርገው አለፉት። ማንከስ ትንሽ የለውም። የደከመ እግር ሌሊቱን ያርፋል፤ ከእንቅልፍ የተነሳ ልጅ ካነከሰ ድካም ሊባል አይችልም፣ የእድገት ሕመምም ልጅን አያስነክስም። አንዳንድ ወላጅ «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» ይለኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደከመኝ ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ ማንም አያየኝም ባለበት ሰዓት፣ ከመኝታው ወደ መጸዳጃ ሲሄድ እያነከሰ ግን አያታልልም።

መጀመሪያ ጫማውን ይዩ። ጠጠር፣ የጠበበ አፍንጫ፣ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው፤ እዚያ ከተገኘ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ካልተገኘ ጠዋት በባዶ እግሩ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሆኖ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሂድልዎት። እርስዎ ከኋላ ሆነው ይዩ። በቀኝ እግሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከግራው ያጥራል? የአንዱ እግሩ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል? በየተራ በአንድ እግሩ ይቁም፣ ይዝለል። በግራው እየዘለለ በቀኙ እምቢ ካለ ልብ ይበሉ።

ጉልበቱን ጠቁሟል ብለው ጉልበቱን ብቻ እንዳይዩ። ዳሌና ጉልበት የሚጋሯቸው ነርቮች ስላሉ ልጅ ዳሌው ታሞ ጉልበቱን ያሳያል። ጉልበቱ ይዳሰሳል፣ ምንም የለውም፤ ራጅ ይነሳል፣ ንጹሕ ነው፤ ቤተሰቡ ተደስቶ ይመለሳል፤ ዳሌው ግን እንደታመመ ነው። ይህን ለወላጆችም ለተማሪዎቼም መናገር አይታክተኝም፣ ሰሚዎቼ ቢታክታቸውም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ የዳሌ መገጣጠሚያ መቆጣት ሲሆን በእረፍት ብቻ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይድናል። የእርስዎም ልጅ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ዘግይተው ሲመጡ ዳሌን የሚያበላሹ ሌሎች ሕመሞችም በዚሁ መልክ ስለሚጀምሩ መለየት የሚቻለው ተመርምሮ ነው። እርስዎ አንድ ሳምንት ጠብቀዋል፤ ሁለተኛውን አይጠብቁ።

ትኩሳት ከመጣበትና እግሩን መሬት አላስነካም ካለ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ሊያበላሽ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ይህ ከሌለ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ያቅርቡት፤ ሐኪሙ ዳሌውንም አገላብጦ እንዲያይ ሳያፍሩ ይጠይቁ። እስከዚያ ረጅሙ ጉዞ ይቆይ፤ ሕመም ካልተሰማው ቤትና ደጅ መጫወቱን አይከልክሉት። ሐኪሙ ዘንድ በሚሄዱበት ቀን ማስታገሻ አይስጡት፣ የእስካሁኑን ክኒን ግን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።