ደንበኞቼ ሁሉ ስለ አባታቸው ያወራሉ

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ አባቱ ነው የሚያወራው። አጋጣሚ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። አይደንግጡ፣ ሁሉም ባለሙያ ላይ ይደርሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆኤል ግሪንስፑን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን «ያሻችሁን ቃል እየጠራችሁ ቀጥሉ» አላቸው፤ የብዙ ቁጥር ስም በጠሩ ቁጥር «እምም» ይላል፣ በቃ ሌላ ምንም የለም፣ እነሱ ግን እንዲህ ያሉ ቃላትን ማብዛት ጀመሩ።

ታዋቂው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ሮጀርስስ? ደንበኛን አልመራም ባይ ነበር። ተመራማሪው ቻርልስ ትሩአክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ሮጀርስ ከአንድ ደንበኛው ጋር ያደረገውን ንግግር ቅጂ ሲመረምር፣ የሮጀርስ ሞቅ ያለ ምላሽ ለሁሉም ንግግር እኩል እንዳልነበር አገኘ። (ገለልተኛ ነኝ የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ እጠረጥራለሁ።)

ደንበኛው ከፈቀደ ድምፅ ይቅዱና ራስዎን ብቻ ያዳምጡ። ስለ ሥራው ሲያወራ ዝም ብለው፣ አባቱ ሲነሳ «እስቲ ቀጥል» ይላሉ? እስክሪብቶ የሚያነሱትስ መቼ ነው? የአባት ወሬው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ሌላው ወሬ ሰሚ አጥቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ በቸልታ ያለፉትን ርዕስ እርስዎ ያንሱት።