ደብተር ስታርሙ ስክሪናችሁን ቅዱ፦ ለወጣት የቋንቋ መምህራን

ይህን የምጽፈው ሥራውን ገና ለጀመራችሁ የቋንቋ መምህራን ነው። እንግሊዝኛ ለምታስተምሩም፣ ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች በኦንላይን አማርኛ ለምታስተምሩም።

ስክሪን ሪከርዲንግ (ስክሪን ላይ የሚታየውን ከድምፃችሁ ጋር መቅዳት) ሲባል አብዛኞቻችሁ ቶሎ የሚመጣላችሁ ሌክቸር ነው። ስላይድ ከፍቶ ግራመር ማስረዳት፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ መጫን። ክፋት የለውም። ግን ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት የሚያስረዳ ቪዲዮ ዩቲዩብን ሞልቶታል። ተማሪያችሁ ትናንት ማታ የጻፈችውን ፓራግራፍ ግን ከእናንተ በቀር ቁጭ ብሎ የሚያነብላት የለም። ስለዚህ ስክሪን መቅጃውን ከሁሉ በፊት ለእርማት ተጠቀሙበት እላችኋለሁ።

ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የኖረ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ተማሪ ደብተሩን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ማርኩን ነው፤ ቀጥሎ ጓደኛው ስንት እንዳገኘ ይጠይቃል፤ ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። ዳር ላይ ያሰፈርናት አጭር ማስታወሻ ሳትነበብ ትቀራለች። ብትነበብም ለእኛ እንጂ ለእሱ ግልጽ አይደለችም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ተማሪዋ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «ላስት ዊክ አይ ዌንት ቱ ደብረ ብርሃን ኤንድ አይ ሜት ማይ አንት ኤንድ ሺ ጌቭ ሚ ላንች ኤንድ አይ ከም ባክ»። በቀይ ብታርሙት ሥሩን አስምራችሁ «ራን ኦን» (ሳይቋረጥ የተቀጣጠለ ዓረፍተ ነገር) ትሉና ታልፋላችሁ። ልጅቷ ግን ምን አጠፋሁ ብላ ግራ ይገባታል፤ ምክንያቱም በራሷ ቋንቋ ምንም አላጠፋችም። «ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ አክስቴን አግኝቼ፣ ምሳ በልቼ ተመለስኩ» ብትል ያማረ አማርኛ ነው። ግሦቹ እየተቀጣጠሉ ይሄዱና የመጨረሻው ማሰሪያ ሁሉንም ይዘጋቸዋል። እንግሊዝኛው ላይ ያንን ሰንሰለት የምትቀጥልበት ብታጣ «ኤንድ» ደረደረች።

አሁን ይህንኑ እየቀዳችሁ አርሙት። ዓረፍተ ነገሩን እሷ እንደጻፈችው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሦስተኛው «ኤንድ» ላይ ስትደርሱ ቁሙና «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጠረኝ» በሏት፣ ከርሰሩም እዚያው ቃል ላይ ይቁም። አማርኛው እንዴት እንደሚቀጥለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯት። ከዚያ ዓይኗ እያየ የመጀመሪያውን «ኤንድ» አጥፉት፣ ነጥብ አድርጉ፣ እንደገና አንብቡ። ልዩነቱን በጆሮዋ ትሰማዋለች። የሚቀጥለውን አትንኩት፤ «ይቺን አንቺ ቁረጫት» ብላችሁ እለፉ። «ከም» የሚለውም እንዲሁ፣ ከርሰሩን አጠገቡ አድርጋችሁ «ይሄ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው፣ አይደል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ሁሉንም ካረማችሁላት ሥራውን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ራስል ስታናርድ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተማሪዎቹን ጽሑፍ ስክሪን ላይ ከፍቶ እያወራ የሚያርምበትን ቪዲዮ መላክ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ መምህራንም ከእሱ ተማሩ። ጥቂት ቆይቶ ጂንግ የሚባል ነፃ ስክሪን መቅጃ ሶፍትዌር መጣ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ አይቀዳም ነበር። ብዙ ሰው ያማርርበት ነበር። እኔ ግን ያቺን ገደብ እወዳታለሁ። ጂንግ ዛሬ የለም፤ ገደቧን ግን እናንተው በራሳችሁ ላይ ጣሉ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ካወራችሁ ተማሪው መሀል ላይ ይተወዋል።

መሣሪያው አያሳስባችሁ። ኮምፒውተር ካላችሁ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለው ስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ግን ሊከብድ ይችላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ አልትን እና አርን አንድ ላይ ብትጫኑ የተከፈተውን ፕሮግራም ይቀዳል። ዴስክቶፑን ግን አይቀዳም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን በማይክሮሶፍት ወርድ ክፈቱ። ማይኩ መብራቱንም አረጋግጡ፤ ድምፅ የሌለው እርማት ለማንም አይጠቅምም። ኦቢኤስ የምትጠቀሙ ደግሞ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት። ኤምፒ4 እየቀዳችሁ ድንገት መብራት ቢሄድና ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ኤምኬቪ ላይ ግን እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል፣ በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮምፒውተር የለኝም የምትሉም አላችሁ፣ ተማሪዎቻችሁም የሚጽፉት ደብተር ላይ ነው። ስልካችሁ ይበቃል። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ11ኛው ቨርዥን ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሳቸው ስክሪን መቅጃ አላቸው። የደብተሩን ገጽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ጋለሪ ውስጥ ክፈቱት፣ መቅጃውን አስጀምሩና በጣታችሁ እያጎላችሁ አውሩ። ብዙ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪኑን የነካችሁበትን ቦታ የሚያሳይ ምርጫ አለ፣ አብሩት። ከርሰሩን ይተካላችኋል።

የዳታ ነገርም አለ። የተማሪው ፓኬጅ የእናንተ ጉዳይ ነው። ጽሑፍ የሚታይበት ቪዲዮ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ጥራቱን 720 ላይ፣ ፍሬሙን በሰከንድ 15 ላይ ብታደርጉት በደንብ ይነበባል፤ ፋይሉም ይቀንሳል። ቴሌግራም ላይ ለእያንዳንዱ በግል ላኩ። ግሩፕ ላይ በፍጹም! የአንዱን ተማሪ ስህተት ሌላው የሚያየው ከሆነ ልጁ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው የሚያውቀውን ቃል ብቻ ነው። ስትቀዱ የስልካችሁን ኖቲፊኬሽን ዝጉ፤ የቤተሰብ ቴክስት እርማቱ መሀል ብቅ ሲል ለእናንተም ለተማሪውም ጥሩ አይደለም። ማርኩን ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ አታስገቡ። ሌላ ቀን ለብቻው ስጡት።

በየትኛው ቋንቋ ላውራ ትሉኝ ይሆናል። ጀማሪ ከሆነ በአማርኛ ወይም እሱ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው እንግሊዝኛ ቢሰማ ምን ያደርግለታል? ጠንከር ሲል ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ፤ ያኔ እርማቱ ራሱ የማዳመጥ ትምህርት ይሆናል፣ ያውም ስለራሱ ጽሑፍ ስለሆነ ደጋግሞ የሚያዳምጠው። ድምፃችሁን እንደ ዜና አንባቢ አታድርጉት። ብትደናቀፉ፣ «ቆይ ይቺን እንደገና ልያት» ብትሉ ምንም አይደለም፣ ቆርጣችሁ ለማሳመር ጊዜ አታጥፉ። ኤዲት ማድረግ የጀመረ መምህር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይደክመውና ይተወዋል።

60 ተማሪ ያለው ክፍል ይዛችሁ ለሁሉም በየሳምንቱ አይቻልም፣ አትሞክሩት። ክፍሉን ከፋፍሉና በየተራ አድርጉት። የቀሩት በተለመደው መንገድ ይታረሙ። አንድ ተማሪ በሴሚስተር አንዴ ወይም ሁለቴ አስተማሪው ስሙን ጠርቶ ጽሑፉን እያነበበ ሲያወራው መስማቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ እጁን የማያወጣ ልጅ አለ። እሱን አስቀድሙት።

አማርኛ ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያደገ ልጅ «ዋና» የሚለውን አይቶ መዋኘት ይሁን ዋነኛ የሚለው ይሁን ከጽሑፉ ብቻ ሊለየው አይችልም፣ እናትና አባቱ ደግሞ በየቀኑ አብረውት ላያነቡ ይችላሉ። ልጁ እያነበበ የላከላችሁን ድምፅ እያጫወታችሁ ጽሑፉን ስክሪን ላይ ክፈቱ፣ ሳያጠብቅ ያለፈው ፊደል ላይ ቁሙ፣ ላልቶም ጠብቆም አንብቡለት፣ የትኛው እዚህ እንደሚሆን ይምረጥ። ልጅ ስለሆነ የወላጁን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። የልጁ ፊት መቀዳት የለበትም፣ ድምፁና ጽሑፉ ይበቃል።

ይህን ከለመዳችሁ በኋላ መቅጃውን ለተማሪው ስጡት። ያስተካከለውን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ከፍቶ በ2 ደቂቃ ውስጥ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ እየተናገረ ይቅዳና ይላክላችሁ። «ለምን» የምትለዋ ላይ ጠንከር በሉ። አንዱ «እርስዎ ስላሉኝ ነው» ይላል፤ ያ ልጅ ገና አልገባውም፣ ሌላ ምሳሌ ይፈልጋል። ሌላው እናንተ ያላያችሁትን ስህተት ራሱ አግኝቶ ያሳያችኋል። ሦስተኛው ደግሞ አልቀየርኩትም፣ እንዲህ ያልኩት አውቄ ነው ብሎ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ልክ ነው። እሱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ስሙትና በሌላ ቪዲዮ መልሱለት።