«ሃሪ ፖተርን ጨረሰ፣ አሁን ምን ልስጠው?» የልጆች መጽሐፍ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምት ሲመጣ ሁሌም እንደዚ ነው፣ ት/ቤት ይዘጋና ወላጅ ሁሉ መጽሐፍ ፍለጋ ይወጣል። ዘንድሮ ከጻፋችሁልኝ አብዛኛው ከ8 እስከ 12 አመት ላሉ ልጆች ስለሚሆን ልብ ወለድ ነው፣ አራቱን መርጫለሁ።

እንዴት ነሽ እህቴ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው፣ ልጄ 10 አመቱ ነው፣ ሰባቱንም ሃሪ ፖተር ጨርሶ አሁን ሌላ መጽሐፍ አልነካም ብሏል። ገዝቼለት ያልተገለጠ መጽሐፍ ቤቱን ሞልቶታል። አድቬንቸር ፋንታሲ ምናምን ሆኖ አዲስ የወጣ ንገሪኝ፣ ቢቻል ደሞ እሱን ሚመስል ልጅ ያለበት።

እህቴ ሌላ ከመግዛትሽ በፊት ቁጭ አድርገሽ «ምኑን ነው የወደድክለት?» በይው። «ሁሉንም» ካለሽ አትልቀቂው። አንዳንዱ ልጅ የወደደው ት/ቤቱን ነው፣ ፈተናውን፣ ቡድኑን፣ ማን ከማን ይበልጣል ሚለውን። አንዳንዱ ፍጥረታቱን ነው። አንዳንዱ ደሞ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ልጅ ድንገት ትልቅ ሰው ሆኖ መገኘቱን። ሦስቱም ሚፈልጉት መጽሐፍ የተለያየ ነው፣ ሱቅ ሄደሽ ብትጠይቂ ግን ለሦስቱም ያንኑ አንድ መጽሐፍ ነው ሚያስይዙሽ።

ት/ቤቱን ከሆነ የወደደው «አማሪ ኤንድ ዘ ናይት ብራዘርስ»ን ስጪው፣ የቢ ቢ አልስተን ነው፣ 2021 የወጣ። አማሪ አትላንታ ውስጥ ድሆች ሚኖሩበት ሰፈር ያደገች ጥቁር ልጅ ናት፣ ስኮላርሺፕ አግኝታ ሀብታሞች ሚማሩበት ት/ቤት ገብታ እዛ ያሾፉባታል፣ በዛ ላይ ወንድሟ ጠፍቷል፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጧል እሷ ብቻ ናት ያልቆረጠችው። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሻንጣ አስቀምጦላት ታገኛለች፣ በሱ ሰበብ ማንም ማያውቀው ድብቅ መስሪያ ቤት ትገባለች፣ ከዛ በኋላ ውድድር፣ ፈተና፣ ክህደት፣ ምን የሌለ አለ። እኔ ይሄን ከሁሉም ማስቀድመው የዘረኝነቱንና የድህነቱን ነገር ስብከት ሳያደርግ ታሪኩ ውስጥ ስለከተተው ነው፣ ልጁ አድቬንቸር እያነበበ መስሎት ሌላም ነገር ያነባል። ተከታዮቹም ወጥተዋል፣ በ2022 እና በ2024፣ ስለዚ ከወደደው ወዲያው ሚቀጥልበት አለው።

ፍጥረታቱን ከሆነ ደሞ የካትሪን ራንዴል «ኢምፖሲብል ክሪቸርስ»፣ 2023 እንግሊዝ አገር ወጥቶ በዛው አመት የዋተርስቶንስ መጽሐፍት መደብሮች የአመቱ መጽሐፍ የተባለ። ክሪስቶፈር ሚባል ልጅ ስኮትላንድ አያቱ ጋ ሄዶ ሊሰምጥ ያለ የግሪፊን ግልገል ያድናል (ግሪፊን ግማሹ ንስር ግማሹ አንበሳ ነው)፣ ከዛ ተረት ናቸው የተባሉ ፍጥረታት ሁሉ ሚኖሩበት የደሴቶች አገር እንዳለ ይደርስበታል። አጻጻፉ ከሌሎቹ በጣም ይበልጣል፣ ትልቅ ሰውም ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ግን ሚያሳዝን ሞት አለበት፣ ልጅሽ ሆደ ባሻ ከሆነ አብረሽው አንብቢ።

ሦስተኛው አይነት ልጅ ከሆነ «ኔቨርሙር» ሚባለው ተከታታይ ይሁንለት፣ የጄሲካ ታውንሴንድ፣ አውስትራሊያዊት ናት። ሞሪጋን የተረገመች ተብላ፣ እኛ አገር ገፊ እንደሚሏት አይነት ልጅ፣ ከተማው ላይ መጥፎ ነገር በደረሰ ቁጥር በሷ ይላከካል፣ 11 አመት ሲሞላት ትሞታለች ተብሎም ተወስኗል። አትሞትም፣ ይሄን ያህል ብነግርሽ አላበላሸሁብሽም።

እሱን ሚመስል ላልሽው፣ ወንድ ልጅ ከሆነለት ደስ ሚለው ከሆነ የክዋሜ ምባሊያ «ትሪስታን ስትሮንግ» አለ። ትንሽ ቆየት ብሏል፣ 2019 ነው፣ ግን ሦስቱም ክፍል ስላለቀ መጠበቅ የለም። ከቺካጎ አላባማ አያቶቹ እርሻ የተላከ ልጅ ነው፣ የቅርብ ጓደኛው ሞቶበታል፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን ተረት የመጡ ጀግኖች ያሉበት ዓለም ውስጥ ይወድቃል፣ አናንሲ ሸረሪቱም አለ። መጀመሪያው ላይ ግርግር ስለሚበዛው ቶሎ እንዳይተወው በርታ በይው።

እና አትግዢ። የላይብረሪ ካርድ ካለሽ ሊቢ ሚባለውን አፕ አውርጂ፣ በነፃ መዋስ ትችያለሽ፣ ኦዲዮቡኩንም ጭምር፣ ወረፋ ግን ሊኖረው ይችላል። ካልጣመው መለሰ፣ በቃ፣ ቤትሽም አይሞላም።

ሰላም ላንቺ ይሁን። አዲስ አበባ ነኝ፣ ሴት ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ፋንታሲ ትወዳለች ግን አስማትና ጠንቋይ የበዛበት ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም፣ እምነታችን አይፈቅድም። ምንም የለም ማለት ነው?

አለ እንጂ እህቴ፣ ሞልቷል። ከ«ዘ ዋይልድ ሮቦት» ጀምሪላት፣ የፒተር ብራውን፣ 2024 ፊልም የሆነው። ሮዝ ሚሏት ሮቦት ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ትነቃና እናቱን ያጣ የዝይ ጫጩት ታሳድጋለች። አስማት ሚባል ነገር የለውም፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ስዕል አለው፣ ለ9 አመት ልክ ነው። ሌላው «ዊንግስ ኦፍ ፋየር» ነው፣ ዋና ገጸ ባህሪያቱ ራሳቸው ዘንዶዎች ናቸው። እሱ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ፣ አስማት የሚችሉ ዘንዶዎችም ይመጣሉ፣ ደም መፋሰሱም ቀላል አይደለም፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ዘንዶ ከዘንዶ እስከ ሞት ሚያታግሉበት ሜዳ አለ፣ ስለዚ ሁለት አመት ብታቆዪው ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትቆጪኝ አንድ ነገር ልጨምር። ናርንያን የጻፈው ሲ ኤስ ልዊስ ስለ ክርስትና በመጻፍ የታወቀ ሰው ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን ጠንቋይ አለች፣ ክፉዋ እሷ ናት። ጠንቋይ አለበት ወይ ብሎ ከመጠየቅ ታሪኩ ለማን ነው ሚፈርደው ብሎ መጠየቅ ይሻል ይመስለኛል፣ ያን ለማወቅ ደሞ ራስሽ ማንበብ አለብሽ። ውሳኔው ያንቺ ነው።

ልጄ 12 ሊሞላት ነው፣ «ፎርዝ ዊንግ» ግዢልኝ ብላ አስጨነቀችኝ፣ ዘንዶ ያለበት ነው ትላለች። ዱባይ ነን፣ እዚ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ልግዛላት?

አይ እህቴ፣ ተይው! የአዋቂ መጽሐፍ ነው፣ ዘንዶው እውነት ነው ግን የአልጋ ትዕይንቱ ግልጥልጥ ያለ ነው። ሽፋን አይተሽ አትመኚ፣ ዘንዶና ወርቃማ ጽሑፍ አሁን ለሁሉም እድሜ ነው ሚለጥፉት። ሱቁ ውስጥ «ሚድል ግሬድ» ከሚለው መደርደሪያ ፈልጊ፣ «ያንግ አደልት» ሚለው ከሷ ከፍ ላሉት ነው። ዘንዶና በረራ ከሆነ ሚማርካት «ስካንዳር ኤንድ ዘ ዩኒኮርን ቲፍ»ን ያዥላት፣ እዛ ዩኒኮርን ማለት የሕፃናት ስዕል ላይ ያለችው ሮዝ ፈረስ አይደለችም፣ ደም የጠማት አውሬ ናት፣ ልጆቹ ይጋልቧታል። አምስት መጽሐፍ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ያስታግስልሻል።

ልጄ ሆይ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ የልጅ ልጄ ከዴንቨር ለክረምት ልትመጣ ነው። 11 ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። እንግሊዝኛውን ልብ ወለድ ይዛ አንገቷን ደፍታ ልትከርም ነው፤ እኔ ምን ላንብብላት?

አባቴ እድሜ ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በአማርኛ ለዚህ እድሜ የሚሆን ረጅም የፋንታሲ ልብ ወለድ እንደ ልብ አያገኙም፣ ሱቅ ያለው አብዛኛው ለትንንሽ ልጆች ነው፣ የ11 አመት ልጅ ይሰለቻታል። እርስዎ ግን መጽሐፍ አያስፈልግዎትም። የአርዌን ታሪክ ያውቁታል አይደል፣ አክሱም ላይ ነግሦ ሕዝቡ ልጆቹንና ከብቱን ይገብርለት የነበረው ዘንዶ፣ አንጋቦ መርዝ ያበላትን ፍየል ሰጥቶ የገደለው፣ ኋላ ራሱ የነገሠው፣ የንግሥት ማክዳ አባት ነው ሚባለው። ይሄ እሷ ከምታነባቸው በምን ያንሳል? ባንድ ማታ ግን አይጨርሱት። አንድ ማታ አርዌ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ብቻ ይንገሯት፣ በማግስቱ አንጋቦ መንገድ ሲጀምር፣ ከዛ ፍየሏን ይዞ ዋሻው ደጃፍ ሲደርስ «በይ ተኚ» ይበሏት፣ ብትለምንዎትም አይቀጥሉ። ያልገባት ቃል ካለ እንግሊዝኛ ጣል ያድርጉበት፣ ችግር የለውም። እሷም በተራዋ የራሷን መጽሐፍ ትንገርዎት፣ አማርኛዋ የሚፈታው ያኔ ነው። ቀን ቀን 4 ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ይዘዋት ይሂዱ፣ የልጆች ክፍል አለው፣ ከቤት ወጣ ማለቱም ለሁለታችሁም ጥሩ ነው።