መልስ፦ የካናዳ የሮክ ባንዶች እንዴት ጀመሩ?

ሰላም፣ የካናዳ ባንዶች አሜሪካን ከመሰለ ጎረቤት አጠገብ ሆነው እንዴት ስም እንዳወጡ ለጠየቅኸው፣ እኔ አብልጬ የምወደውን ረሽ (Rush) የተባለውን የካናዳ የሮክ ባንድ ታሪክ ልንገርህ።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1968 በቶሮንቶ፣ ዊሎውዴል ሰፈር ነው። ጊታር ተጫዋቹ አሌክስ ላይፍሰንና ድምፃዊው ጌዲ ሊ የስደተኛ ልጆች ናቸው፤ የጌዲ ወላጆች ከናዚ ማጎሪያ የተረፉ ፖላንዳውያን አይሁዶች ነበሩ። መጀመሪያ የተጫወቱት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ ለሰፈሩ ወጣቶች ነው። በ1971 ኦንታሪዮ የመጠጥ ዕድሜን ወደ 18 ዝቅ ስታደርግ የመጠጥ ቤት መድረኮች ተከፈቱላቸው።

አሳታሚዎች ፊት ሲነሷቸው ሥራ አስኪያጃቸው ሬይ ዳኒየልስ ሙን ሬከርድስ በተባለ የራሳቸው ድርጅት አሳተማቸው። የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀዱት የስቱዲዮ ኪራይ በሚረክስበት ሌሊት ነው። በ1974 ሸክላው ክሊቭላንድ ራዲዮ ጣቢያ ለምትሠራው ለዶና ሃልፐር ደረሳት። ስለ ሠራተኛ ሰው ኑሮ የሚያወሳውንና ከ7 ደቂቃ በላይ የሚረዝመውን ዘፈን አጫወተችው። ክሊቭላንድ የፋብሪካ ከተማ ናትና የአድማጭ ስልክ አላቋርጥ አለ! ሜርኩሪ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚም አስፈረማቸው። ከበሮ መቺው ኒል ፐርት ባንዱን የተቀላቀለው የአሜሪካው የኮንሰርት ጉዞ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው።

ብዙዎች ለካናዳ ባንዶች ስኬት ምስጋናውን የሚሰጡት ራዲዮዎች 30 በመቶ የካናዳ ሙዚቃ እንዲያጫውቱ ላስገደደው የ1971 ደንብ ነው። ደንቡ ለሌሎች ብዙ ረድቷል። የረሽን በር ግን የከፈተችው አንዲት ጆሮዋን የሰጠች ሴት ናት።